ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ ላይ ስለ ፕሮፌሰሮች ስንጽፍ የምንሳሳተው

መስከረም ሲጠባ ለአሜሪካ ፒኤችዲ የሚያመለክቱ ወንድሞችና እህቶች ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዛቸውን፣ ማለትም ምን ማጥናት እንደሚፈልጉና ለምን እንደሆነ የሚገልጹበትን የማመልከቻ ጽሑፍ፣ እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። ስለ ራሳቸው የጻፉት አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። «ከፕሮፌሰር እገሌ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ» የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ግን የሚጽፉት ይጠፋባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስታቸው ከሰው የሰሙት ነገር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ፕሮፌሰሩን ማድነቅ አለብኝ»

የለባችሁም። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ስህተት ይሄ ነው። «ፕሮፌሰር እገሌ ለዘርፉ ያበረከቱት ታላቅ አስተዋፅኦ ሁሌም ያነሳሳኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስሙን ብቻ ቀይራችሁ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ መላክ ትችላላችሁ። አንባቢውም ይህን ያውቃል።

እስቲ በስንዴ ዋግ (ስንዴን በሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ) ላይ የሠራች ልጅ እናስብ። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ መትቶት ነበር። ዲገሉ ገበሬው እጅ በብዛት የገባው ሌላውን የዋግ ዓይነት፣ ቢጫ ዋግን ስለሚቋቋም ነው። ልጅቷ ይህን ታሪክ ይዛ እንዲህ ብትጽፍስ፦ «ለመመረቂያ ሥራዬ ከገበሬ ማሳ የዋግ ናሙና ሰብስቤ የትኞቹ ዝርያዎች እንደተጠቁ መዘገብኩ። ለምን እንደተሸነፉ ግን በዓይን አይቼ ማወቅ አልቻልኩም። የፕሮፌሰር እገሌ ላቦራቶሪ የዋጉን ዲኤንኤ እያነበበ ዓይነቱን ስለሚለይ፣ ጥያቄዬን እዚያ መቀጠል እፈልጋለሁ።» አንድም የውዳሴ ቃል የለውም። ግን ምን እንደሠራች፣ ምን እንደጎደላት፣ ለምን እዚያ መሄድ እንደፈለገች ወዲያው ይገባችኋል። ፕሮፌሰሩም ቢያነበው ሥራውን እንደተረዳችው ያያል።

«ስም በበዛ ቁጥር ዕድል ይሰፋል»

አምስት ስድስት ስም መደርደር ዌብሳይቱን ገልብጦ መለጠፍ ይመስላል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አንድ ብቻ መጥቀስም አደጋ አለው፤ ሰውየው በዚያ ዓመት ተማሪ ካልተቀበለ ማመልከቻችሁ መሄጃ ያጣል።

«የሚያነበው ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው»

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ማመልከቻውን የሚያየው ኮሚቴ ነው። እዚያ ውስጥ ከእናንተ ርዕስ የራቁ መምህራን አሉ። ስለዚህ የጥናቱን ርዕስ ጠቅሳችሁ አትለፉ። ምን እንዳገኘ በአንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው።

«ኢሜይል ያልመለሰልኝን ፕሮፌሰር መጥቀስ አልችልም»

ትችላላችሁ። ከማመልከታችሁ በፊት ለፕሮፌሰሩ የምትልኩት ኢሜይል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እንደ አገሩና እንደ ዘርፉ ይለያያል። ጀርመን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አማካሪ የሚሆን ፕሮፌሰር ማግኘት ግድ ነው። አሜሪካ ውስጥም እንደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባሉ ዘርፎች በአብዛኛው ተማሪውን የሚመርጠው አማካሪው ነው። በባዮሜዲካል ሳይንስ ግን ብዙ ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ዓመት ተማሪውን ሁለት ሦስት ላቦራቶሪ ያዟዙሩታል፤ አማካሪ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ለምታመለክቱ፣ ያልተመለሰ ኢሜይል እንቅልፍ አይንሳችሁ።

«ዝነኛው ይሻላል»

ዝነኛው ጡረታ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስሙ አጠገብ «ኢሜሪተስ» የሚል ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ተማሪ አይቀበልም። ሌላው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ የድሮ ገጹ ሳይነሳ ይቀራል። ጎግል ስኮላር (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ግቡና ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ሥራዎቹን እዩ። የላቦራቶሪውን ገጽም ክፈቱ፤ አንዳንዶቹ ለመጪው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ አይቀበሉ እንደሆነ በግልጽ ይጽፋሉ። ብዙ ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጀመሪያ፣ በእኛ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ነው። መስከረም ላይ ያያችሁት ገጽ እስከዚያ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከመላካችሁ በፊት አንዴ ተመልሳችሁ እዩት።