«የገና ጾም የቄስ ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

ኅዳር አጋማሽ ላይ በየዓመቱ የማትቀር ወሬ አለች። ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ሽሮ ሲያዝ ሌላው «ውይ፣ ጾም ገባ እንዴ?» ይላል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። የማን ጾም ነው፣ ስንት ቀን ነው፣ ዓሣ ይበላል ወይ፣ ገና ረቡዕ ቢውልስ... ሰንበት ትምህርት ቤት ስላደግኩ ሁሉም ዞሮ እኔን ነው የሚጠይቀው። እኔም ያንኑ መልስ እደጋግማለሁ። ዘንድሮ ግን ጻፍኩት። የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው።

«የቄስና የመነኩሴ ጾም ነው፣ ምእመን አይገደድም»

በጣም የተስፋፋችው ይቺ ናት። ቤተ ክርስቲያናችን በአዋጅ የምትጾማቸው ሰባት አጽዋማት አሉ፦ ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ነነዌ፣ ገሃድ (የልደትና የጥምቀት ዋዜማ)፣ ረቡዕና ዓርብ። የገና ጾም የምንለው ጾመ ነቢያት ነው፣ መሐላቸው ቁጭ ብሏል። ስለ ጾም የሚናገረው የሕግ መጽሐፋችን የፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15ም ይጠቅሰዋል።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? እኔ የምጠረጥረው ከጽጌ ጾም ጋር እየተምታታ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም እውነትም የፈቃድ ነው፣ የፈለገ ይጾመዋል። እሱ ካለቀ በኋላ ዐሥር ቀን እንኳ ሳይሞላ ኅዳር 15 ይህኛው ይገባል። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው «የፈቃድ ነው» ብሎ ቢያወራ አይገርመኝም። በዚያ ላይ ፍልሰታን ሕፃናት ሳይቀሩ ስለሚጾሙት፣ ይሄኛው ፀጥ ብሎ ሲገባ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል። የታመመች፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ ሴት ካለች ነገሩ ሌላ ነው፣ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገራለች።

«ነቢያት ኅዳር 15 ቀን የጀመሩት ጾም ነው»

አይደለም። ነቢያት በአንድ ዘመን አልኖሩም፣ ተሰብስበውም ቀን አልቆረጡም። ሙሴ በሲና ተራራ 40 ቀን ጾመ፣ ኤልያስ ወደ ኮሬብ ሲሄድ 40 ቀን ጾመ፣ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ማለፊያ እንጀራ ሳይበላ ቆየ። ጾሙ በስማቸው የተጠራው ይመጣል ያሉትን ጌታ በጾምና በጸሎት ስለጠበቁት ነው። ሌሎች ስሞችም አሉት፦ ጾመ አዳም፣ ጾመ ስብከት፣ ጾመ ልደት፣ ጾመ ፊልጶስ።

«40 ነው»፣ «43 ነው»፣ «44 ነው»

ይሄ ክርክር ያስቀኛል፣ ምክንያቱም ሦስቱም ትክክል ናቸው። 40ው የነቢያት ነው። ሦስቱ ቀን ጾመ አብርሃም ሶርያዊ ይባላል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ፓትርያርክ የነበረው አብርሃም፣ «እምነት ካላችሁ ይህን ተራራ አንሡ» ተብሎ በገዢው ሲፈተን ምእመኑ ሦስት ቀን ጾሞ ጸለየ፤ በስምዖን ጫማ ሰፊው ጸሎት ካይሮ አጠገብ ያለው የሙቀጠም ተራራ ተነሣ ይላል ትውፊቱ። የመጨረሻዋ አንድ ቀን ገሃድ ናት። ሲደመር 44። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ብትቆጥሩም ያው ነው።

«ገና ሁሌ ታኅሣሥ 29 ነው»

በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ጾሙም ኅዳር 14 ይገባል። በ2016 እንዲህ ነበር፣ በ2020 ደግሞ ይደገማል። ምክንያቱ ቆንጆ ነው። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29 ነው፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል፣ ማለትም 275 ቀን። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ትጨምራለች፣ ስለዚህ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ያርፋል። የእናት እርግዝና እንዳይረዝም በዓሉ ወደ ኋላ ይመጣል ማለት ነው።

«ከዓለም ተለይተን ለብቻችን ነው የምናከብረው» የሚለውም ልክ አይደለም። ግብፆች፣ ሩሲያዎችና ሰርቦችም በዚያው ቀን ነው የሚያከብሩት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1582 የቀን መቁጠሪያቸውን ያረሙት ምዕራባውያኑ ናቸው፣ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው።

«ያው ሥጋና ወተት መተው ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ብዙ ሰው 44 ቀን ሙሉ በየዓይነቱ በልቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እየተባለ እንደሆነ ሳይሰማ ገና ይደርሳል። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች የየራሳቸው ስም አላቸው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው የሚውለው ስብከት ይባላል፣ ቀጣዩ ብርሃን፣ የመጨረሻው ኖላዊ፣ እረኛ ማለት ነው። ሁሉም በቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ በድጓ የራሳቸው መዝሙር አላቸው።

ምስባኮቹን፣ ከወንጌል በፊት የሚዜሙትን የዳዊት መዝሙር ስንኞች፣ ብቻ እንኳ ተከታትላችሁ ስሙ። በስብከት «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ይባላል፣ እጅህን ከአርያም ላክ። በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ። በኖላዊ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ»፣ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ። ላክ፣ ላክ፣ ስማ! መጀመሪያ እጅ ነው የሚለመነው፣ ቀጥሎ ብርሃን፣ በሦስተኛው እረኛው ራሱ ይጠራል። ወንጌሉም አብሮ ይሄዳል፤ በስብከት ፊልጶስ ናትናኤልን «ሙሴ በሕግ ነቢያትም ስለ እርሱ የጻፉትን አግኝተነዋል» ይለዋል፣ በብርሃን «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» ይነበባል፣ በኖላዊ «መልካም እረኛ እኔ ነኝ»። ሰንበት ተማሪዎቹ ለእነዚህ እሑዶች ሳምንት ሙሉ ሲያጠኑ ከርመው ቅጥር ግቢው ግማሽ ባዶ ሲሆን አይቼ አውቃለሁ። ያው ሕዝብ ግን ለታኅሣሥ ገብርኤል መፈናፈኛ ያሳጣል።

ገብርኤልን ካነሣን አይቀር፣ ታኅሣሥ 19 ብሥራቱ፣ ማለትም እመቤታችንን «ትፀንሻለሽ» ብሎ ያበሠረበት ቀን፣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቁልቢ ድረስ ሄዶ የተመለሰ ሁሉ እንዲህ ብሎኛል። የዚያ ቀን በዓል አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከናቡከደነፆር እሳት የዳኑበት ነው። ብሥራቱ መጋቢት 29 ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚገባ ታኅሣሥ 22 ቀን ይከበራል። በሁለቱም ቀን ጾሙ አይፈታም፣ በዓሉ በጾም ምግብ ነው የሚደገሰው።

«ጠዋት ቁርስ በጾም ምግብ ይቻላል»

በአዘቦት ቀን የጾሙ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ነው፣ ቅዳሴውም ለዚያ ነው ከሰዓት የሚሆነው። ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም የለም፣ ጥሉላት (ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል) ግን አይበላም። ዓሣን በተመለከተ «ግብፆች በዚህ ጾም ይበላሉ» የሚሉት እውነታቸውን ነው፣ እኛ ጋ የሚሰጠው ትምህርት ግን አይበላም ነው።

«ገና ረቡዕ ከዋለ ዶሮው ለሐሙስ ይቆያል»

አይቆይም! ልደትና ጥምቀት ረቡዕም ሆነ ዓርብ ቢውሉ ይበላል። ዋዜማው ገሃድ ሆኖ የሚጾመውም በረቡዕና በዓርቡ ምትክ ነው። በ2018 ገና ረቡዕ ዋለ፣ አንዲት ጎረቤቴ ወጡን ሠርታ ጨርሳ ልጆቿን «ነገ ነው የምትበሉት» ብላ ስትከለክል ደረስኩ። አስረዳኋት። «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ንስሐ አባቷ ጋ ደውላ አረጋገጠችና ነው ድስቱን የከፈተችው።