የአካል ጉዳት መድን እና ክብር ያለው አገልግሎት

የአካል ጉዳት መድን አንድ ሰው በሕመም ወይም በአደጋ ምክንያት መሥራት ሲያቅተው የተቋረጠ ገቢውን በከፊል የሚተካ ዋስትና ነው። ከጤና መድን ጋር ባይምታታ ጥሩ ነው። የጤና መድን የሐኪም ቤቱን ሂሳብ ይሸፍናል። ይሄኛው ደግሞ የቤት ኪራዩ፣ አስቤዛው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ እንዳይቋረጥ ያደርጋል።

ሐሳቡን በአገር አቀፍ ሕግ ካስገቡት ቀዳሚዋ ጀርመን ናት። እ.ኤ.አ. በ1889 በወጣው ሕግ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በጋራ እያዋጡ መሥራት ላቃተውና ላረጀ ሰው አበል መክፈል ተጀመረ። አሜሪካ በ1956 ተከተለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በ1952 ባወጣው 102ኛ ስምምነት ይህን አበል ከዘጠኙ የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች አንዱ አድርጎታል።

ከመንግሥት ሥርዓት ሌላ፣ ሰው በራሱ አረቦን እየከፈለ ከኩባንያ የሚገዛው መድንም አለ። እዚህ ላይ ከክፍያው መጠን በፊት የሚታየው ውሉ «መሥራት አለመቻል» ለሚለው የሚሰጠው ፍቺ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ የቀዶ ጥገና ሐኪም እንውሰድ። ቢላ መያዝ አይችልም፤ ማስተማር ግን ይችላል። ውሉ «የራሱን ሙያ» የሚል ከሆነ ይከፈለዋል። «ማንኛውንም ሥራ» የሚል ከሆነ ላይከፈለው ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በፊተኛው፣ ከዚያ በኋላ በሁለተኛው መለኪያ የሚሄዱ ውሎችም ብዙ ናቸው። ክፍያው የሚጀምረው ደግሞ ሰውየው መሥራት ካቃተው በኋላ የተወሰነ የመጠበቂያ ጊዜ ሲያልፍ ነው፤ በኩባንያ ውሎች 90 ቀን የተለመደ ነው። ስለዚህ ለእነዚያ ወራት የሚሆን መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

የሚያሳዝነው፣ ቀድሞውኑ ጉዳት ያለበት ሰው መድን ልግዛ ሲል በሩ ብዙ ጊዜ ይዘጋበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ25ኛው አንቀጹ በጤናና በሕይወት መድን ላይ የሚደረግን አድልዎ ይከለክላል። በ28ኛው አንቀጽ ደግሞ የማኅበራዊ ጥበቃ መብትን ያረጋግጣል።

ሕጉ ቢሟላም ባለጉዳዩ መብቱን የሚያገኘው በቢሮው የአገልግሎት መስኮት በኩል ነው። መስተንግዶው ከተበላሸ መድኑም ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። በጣም የተለመደው ጥፋት ባለጉዳዩን ትቶ አብሮት የመጣውን ሰው ማናገር ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ «ምን ፈልጎ ነው?» ይባላል። አስተርጓሚ ይዞ የመጣ መስማት የተሳነው ሰውም ያው ነው፤ መታየት ያለበት እሱ ነው፣ አስተርጓሚው አይደለም። ይግባኝ በስልክ ብቻ የሚቀበል ቢሮ ደግሞ ለዚህ ሰው ዝግ ነው።

ማየት የተሳነው ሰው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ከመባሉ በፊት ውሉ በሙሉ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ሊነበብለት ይገባል። ወይም በብሬል፣ አለዚያም በስልኩ ማዳመጥ በሚችልበት ፋይል ይሰጠው። ክንዱን ይዞ መጎተት አይገባም፤ ጠይቆ ክርንን መስጠት ይበቃል። ዊልቸርን ሳይጠይቁ መግፋትም ነውር ነው። ሲናገር የሚቸገርን ሰው ታግሶ መስማት እንጂ ዓረፍተ ነገሩን ቀድሞ መጨረስ አይገባም። ያልገባ ነገር ካለም «ይድገሙልኝ» ማለት ገብቶኛል ብሎ ከማስመሰል ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ጉዳታቸው በዓይን የማይታይ ሰዎች ነገር ነው። የማያቋርጥ ሕመም፣ የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው «ደህና ነዎት እኮ!» ይባላሉ። ማጣራት የመድን ሰጪው ሥራ ነው፤ ማጣራትና መጠርጠር ግን ይለያያሉ። የሕክምና ማስረጃ ይጠየቅ፣ ለምን እንደሚጠየቅም ይነገር። እግሩ የተቆረጠን ሰው ግን በየዓመቱ እግርህ አለመኖሩን አስመስክር ማለት ማዋረድ ነው። ጥያቄው ውድቅ ከሆነም ምክንያቱ፣ የይግባኝ ቀነ ገደቡና የሚቀርብበት ቦታ ሰውየው ሊያነበው ወይም ሊሰማው በሚችለው መንገድ ተጽፎ ይሰጠው።