ስፕሬይ ፎም ጣሪያ ምንድን ነው? ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው የንግድ ሕንፃ ለያዙ

ስፕሬይ ፎም ጣሪያ የሚባለው ሁለት ፈሳሽ ኬሚካሎች እዚያው ጣሪያው ላይ ተቀላቅለው ሲረጩ የሚፈጠር፣ መገጣጠሚያ የሌለው ጠጣር የፎም ንጣፍና ከላዩ የሚቀባው ተለጣጭ ኮቲንግ ነው። ፎሙ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይከላከላል፣ ውሃም አያሳልፍም፤ ፀሐይ ግን አይችልም። ኮቲንጉ ፀሐይ ይችላል፤ ነገር ግን ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሙቀት አይከላከልም። አንዱ ያለ ሌላው ጣሪያ አይሆንም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ያስፈለገው፣ ዋጋ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው የሚከራከረው ስለ ፎሙ ውፍረት ስለሆነ ነው። ጣሪያው ከ10 ዓመት በኋላ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ኮቲንግ ግን ውሉ ላይ በአንድ መስመር ይታለፋል።

ሥራው በብዛት የሚታየው አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ አሪዞና፣ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የግቢውን ሕንፃዎች በዚህ መንገድ ሲሸፍን ቆይቷል። የኒው ኦርሊንሱ ሱፐርዶም ስታዲየምም በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የላይኛውን ሽፋኑን ከገፈፈችው በኋላ እንደገና የተሸፈነው በስፕሬይ ፎም ነው። እዚያ አገር ሬስቶራንት ወይም ግሮሰሪ የከፈተ፣ አለዚያም የቀድሞ መጋዘን ተገዝቶ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ኮሚቴ ውስጥ የገባ ወገናችን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከጠፍጣፋ ጣሪያ ሥር ነው። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር «ፎም እንርጭበት» የሚል ኮንትራክተር መምጣቱ አይቀርም።

አንደኛው በርሜል «ኤ» ይባላል፤ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ነው። ሁለተኛው «ቢ» ነው፤ ፖሊዮል የተባለ ወፍራም ፈሳሽ ሲሆን አረፋውን የሚያስነሳው፣ ምላሹን የሚያፋጥነውና እሳት የሚያዘገየው ኬሚካል ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። አረፋ አስነሺው ባለፉት ዓመታት ተቀይሯል፦ አየር ንብረትን አብዝተው የሚጎዱትን የቆዩ ጋዞች በአዲስ በሚመረት ፎም ውስጥ መጠቀም አሜሪካ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ስለከለከለች፣ አሁን የሚገባው ኤችኤፍኦ የሚባለው ትውልድ ነው። የድሮ በርሜል በርካሽ አለኝ የሚል ሰው ከመጣ በጥርጣሬ ይታይ፤ «ቢ» ሲሰነብት ይበላሻል።

ማሽኑ ሁለቱን እኩል በእኩል ይስባል፣ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቃል፣ ከ1,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) በላይ በሆነ ግፊት በሚሞቅ ቱቦ ወደ መርጫው ይልካል። የሚገናኙት መርጫው አፍ ላይ ነው። ከተረጨ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ይነፋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ሊቆምበት ይችላል። የጣሪያ ፎም በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ፊት ከ2.5 እስከ 3 ፓውንድ ይመዝናል። የግድግዳው 2 ፓውንድ ወይም ግማሽ ፓውንድ ብቻ ስለሆነ ሰው ሲረግጠው ይሰረጉዳል። ቤት ውስጥ ግድግዳና ኮርኒስ የሚረጭ ድርጅት ሁሉ ጣሪያ ይችላል ማለት አይደለም፤ ዕቃውም ሙያውም ይለያል።

ሌላ ዓይነት ጣሪያ ሲገዛ ጥቅሉ ከፋብሪካ ተመርምሮ ይመጣል። እዚህ ግን ፋብሪካው ጣሪያው ላይ ነው የሚቆመው፤ የዕለቱ አየርና የረጪው እጅ የምርቱ አካል ናቸው። ብዙው ችግር የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመርጨት ሳይሆን ከመቁረጥ ነው። አሮጌው ጣሪያ ቢያንስ በጥቂት ቦታዎች እስከ ታችኛው ብረት ወይም ኮንክሪት ድረስ ተቆርጦ መታየት አለበት። ሥር ያለው የቆየ የሙቀት መከላከያ ርጥብ ከሆነ ከላዩ ፎም መርጨት ውሃውን አሽጎ ማስቀመጥ ነው፤ በጋ ሲመጣ ተንኖ ፎሙን ያሳብጠዋል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ሰፋ ላለ ጣሪያ ፀሐይ ከገባች በኋላ በሙቀት ካሜራ ማየት ይጠቅማል፤ ርጥቡ ቦታ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ለብቻው ደምቆ ይወጣል። ርጥብ የተባለው ሁሉ ተነቅሎ ይወጣል። ጣሪያው ሬንጅና ጠጠር ከሆነ ልቅ የሆነው ጠጠር በማሽን ተጠርጎ ይነሣል፣ አቧራውም በአየር ይነፋል። ፎም አቧራ ላይ ከተረጨ የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለ። ጠጠሩ ብቻ በስኩዌር ፊት ወደ 4 ፓውንድ ይመዝናል፤ 5,000 ስኩዌር ፊት ጣሪያ ላይ 20,000 ፓውንድ ማለት ነው። አንድ ተኩል ኢንች ፎም በዚያው ስፋት ከ2,000 ፓውንድ በታች ነው። የሕንፃው አጥንት ላረጀበት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአየሩ ነገር ቀልድ አያውቅም። አይሶሳያኔት ውሃ ሲያገኝ ከፖሊዮሉ ጋር መሥራቱን ትቶ ከውሃው ጋር ይሠራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ውጤቱ ያልተጣበቀና ያበጠ ፎም ነው። ስለዚህ የጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ አይጀመርም። የጣሪያው ወለል ሙቀትም ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማለት አለበት። ወለሉን የሚለካ ቴርሞሜትርና የእርጥበት መለኪያ ይዞ የማይመጣ ቡድን በግምት እየሠራ ነው። ንፋሱ በሰዓት ከ12 ማይል ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ የተረጨው ብናኝ ተንሳፍፎ ጎረቤት ፓርኪንግ ያለው መኪና ላይ ይደርቃል፤ ታጥቦም አይለቅም። የንግድ አካባቢ ፓርኪንግ መቼም ባዶ ስለማይሆን ኮንትራክተሩ የብናኝ ጉዳት የሚሸፍን ኢንሹራንስ እንዳለው ወረቀቱን አይቶ ማረጋገጥ ነው። ብዙ ተራ የኮንትራክተር ኢንሹራንሶች ይህን በግልጽ አይሸፍኑም።

ፎሙ በአንድ ዙር ከግማሽ ኢንች ያነሰ፣ ከአንድ ተኩል ኢንች የበለጠ መሆን የለበትም። በጣም ስስ ከሆነ ለምላሹ የሚበቃ ሙቀት ስለማይፈጥር በደንብ አይነሣም። በጣም ወፍራም ከሆነ ሙቀቱ ውስጡ ታፍኖ መሃሉን ያሳርራል፤ እሳት ሊያስነሣም ይችላል። አራት ኢንች የሚፈለግ ከሆነ በየዙሩ እያቀዘቀዙ መደራረብ ነው። ለአንድ ኢንች ወደ 6 አር-ቫልዩ (ሙቀት የመከላከል አቅም መለኪያ) ስለሚገኝ አንድ ተኩል ኢንች 9 ገደማ ይሰጣል። አሮጌው ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ከተነቀለ ግን ሕጉ በብዙ ቦታ 25 ወይም 30 ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ኢንች ማለት ነው። ዋጋው በእጥፍ የሚለያየው እዚህ ላይ ስለሆነ ፈቃድ የሚሰጠውን የከተማውን ቢሮ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ውሃ የሚያቁር ጣሪያም የሚስተካከለው በዚሁ ፎም ነው። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተጨማሪ ዙር ተረጭቶ ለእያንዳንዱ ፊት (ጫማ) ርዝመት ሩብ ኢንች ተዳፋት ወደ ድሬኑ፣ ማለትም ወደ ውሃ መውረጃው፣ ይሰጠዋል። ድሬኑ አካባቢ ራሱ ግን እንዳይወፍር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድሬኑን ከፍ ባለ ፎም ከቦ ኩሬ የሠራ ጣሪያ ብዙ ነው። ዝናብ ካባራ ከ48 ሰዓት በኋላ ውሃ ካልሄደ ሥራው አልተጠናቀቀም።

የዕቃው ሂሳብ እንዲህ ነው። ባለሙያዎቹ የሚቆጥሩት በቦርድ ፊት ነው፤ ይህም አንድ ስኩዌር ፊት በአንድ ኢንች ውፍረት ማለት ነው። 5,000 ስኩዌር ፊት በ1.5 ኢንች 7,500 ቦርድ ፊት ይሆናል። አንድ ጥንድ በርሜል፣ ኤ እና ቢ አንድ ላይ ወደ 1,000 ፓውንድ፣ በወረቀት ላይ 4,000 ይሰጣል፤ በተግባር ግን ብክነቱ ሲቀነስ ወደ 3,000 ነው። ስለዚህ ሁለት ጥንድ ተኩል ያስፈልጋል። ሁለት ጥንድ ብቻ ካወረዱ ውፍረቱ አይደርስም፤ በርሜል መቁጠር ደግሞ ሙያ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ኮቲንጉ። የተረጨ ፎም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መቀባት አለበት፤ ግፋ ቢል 72 ሰዓት። ከዚያ በላይ ፀሐይ ካገኘው ቢጫው ወደ ቡናማ ይዞራል፤ በጣት ሲነካ ዱቄት ይወጣዋል፤ ኮቲንጉም ዱቄቱን ይዞ ይላቀቃል። የሚቀባው ቢያንስ በሁለት እጅ፣ በተለያየ ቀለም ነው፤ ለምሳሌ የታችኛው ግራጫ፣ የላይኛው ነጭ። ግራጫው የታየበት ቦታ ሁሉ ስስ ነው።

ውፍረቱ የሚለካው በሚል፣ ማለትም በኢንች አንድ ሺሕኛ ነው። ከደረቀ በኋላ ከ20 ሚል ይጀምራል፤ ረዘም ላለ ዋራንቲ 30 እና ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ምንም የሚተን ነገር የሌለበት ኮቲንግ አንድ ጋሎን በ20 ሚል 80 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል፤ ለ5,000 ስኩዌር ፊት 63 ጋሎን ገደማ ማለት ነው። ከይዘቱ 55 በመቶ ብቻ የሚቀር አክሪሊክ ከሆነ ግን አንድ ጋሎን የሚሸፍነው 44 ስኩዌር ፊት ስለሆነ 114 ጋሎን ይጠይቃል። በዚህ ላይ የፎሙ ፊት ሸካራነት ይጨመራል። ባለሙያዎች የብርቱካን ልጣጭ የሚሉት ፊት ጥሩ ነው፤ ትንሽ ብቻ ያስጨምራል። ወደ ፈንድሻ የተጠጋው እስከ ግማሽ ተጨማሪ ይውጣል። ፈንድሻና የዛፍ ቅርፊት የመሰለው ደግሞ ጭራሽ መቀበል የለበትም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ኮቲንግ አይደርስም። ስለዚህ ሁለት ዋጋዎችን በጋሎን ማወዳደር ከንቱ ነው፤ ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት የደረቀው ሚል ነው።

አክሪሊክ ርካሽ ነው፤ የቆመ ውሃ ግን አይወድም፣ ለመድረቅም ሞቃትና ደረቅ አየር ይፈልጋል። ሲሊኮን የቆመ ውሃ ይችላል። ችግሩ ሲርጥብ ያንሸራትታል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ አንዴ ከተቀባ ደግሞ ከሲሊኮን ሌላ ምንም አይጣበቅበትም። ፖሊዩሪቴን ለእግር ይጠነክራል። ድሬኑ የማያስተማምን ከሆነ የኛ ምርጫ ሲሊኮን ነው፤ ኤሲ ማሽኖቹ ዙሪያና መተላለፊያው ላይ ደቃቅ ጠጠር ተነስንሶበት። በምንም ተቀባ በምን ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ታጥቦ እንደገና መቀባት ይኖርበታል። ይህ የማይደረግ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በአምስት ሴንቲሜትር ክብ መቁረጫ ናሙና ይወጣል፤ ቀዳዳውም ወዲያው በማሸጊያ ይደፈናል። ናሙናው ጎኑ ላይ የየዙሩ መስመር ይታያል። በእጅ ሲታጠፍ በመስመሩ ላይ ልሙጥ ሆኖ ከተላቀቀ በሁለቱ ዙሮች መካከል ጤዛ ወይም አቧራ ነበር። ቀለሙ ጠቆር ብሎ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ከሆነ «ኤ» በዝቶበታል፤ ብዙ ጊዜ «ቢ» በርሜሉ ቀዝቅዞና ወፍሮ ፓምፑ ሳይስበው ሲቀር የሚሆን ነው። የሚለመጥና የሚያጣብቅ ከሆነ «ኤ» ጎድሏል፤ የ«ኤ» ማጣሪያ እርጥበት ነክቶት ሲጠጥርና ሲደፈን እንዲህ ይሆናል። ሁለቱም በኮቲንግ አይታከሙም፤ ተቆርጠው ይወጣሉ።

በኋላ የሚመጣው ጉዳት ግን ከኬሚስትሪው ይልቅ ከሰው ነው። ኤሲ ጠጋኝ የጣለው ብሎን ይረገጥና ይወጋዋል፤ የብረት ክዳን ተጎትቶ ኮቲንጉን ይሰነጥቀዋል። ወፎችም ይቦረቡሩታል። ደግነቱ ፎሙ ውስጡ እርስ በርስ የማይገናኙ ጥቃቅን የተዘጉ ከረጢቶች ስላሉት ውሃው ወደ ጎን አይሄድም፤ ትንሽ ቀዳዳ በዓመት ሁለቴ፣ ከክረምቱ በፊትና በኋላ፣ እየተዞረ በማሸጊያ ከተደፈነ ለዓመታት ይቆያል። ካልተደፈነ ግን ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ ፎሙን ከሥር ትበላዋለች።

ሬስቶራንት ያለው ሰው ሁለት ተጨማሪ ነገር ይመለከተዋል። አንደኛው የኩሽናው ጭስ ማውጫ የሚተፋው ቅባት ነው፤ ኮቲንጉን ያለሰልሰዋል፣ ዋራንቲውም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። ማውጫው ሥር የቅባት መያዣ ሣጥን መኖርና በየጊዜው መጸዳት አለበት። ሁለተኛው የመርጫው ቀን ነው። አይሶሳያኔት አስም የሚያስይዝ ነገር ስለሆነ ረጪዎቹ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭምብል ያደርጋሉ። ጣሪያ ላይ ያሉት የአየር መሳቢያዎች በሙሉ ጠፍተው በፕላስቲክ ይሸፈናሉ፤ ስለዚህ ያን ቀን ኩሽና አይሠራም። ሥራው ቅዳሜ ላይ እንዳይወድቅ ቀኑን አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ኮንትራክተር ከመጥራትዎ በፊት የኪራይ ውሉን ያውጡት። ትሪፕል ኔት የሚባለው ውል ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና በተከራዩ ላይ ይጥላል፤ ጣሪያው ግን አንዳንዱ ውል ላይ የባለቤቱ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ጥገናው የተከራይ፣ ቅየራው የባለቤት ነው። ፎም መርጨት ጥገና ነው ወይስ ቅየራ የሚለው ቀድሞ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ሂሳቡ ሲመጣ የሚያከራክር ይሆናል። ዋራንቲው በማን ስም እንደሚወጣና ሕንፃው ቢሸጥ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነ አብሮ መጠየቅ ነው።