ኮርን ሜዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ሴፕቴምበር ሲጋመስ ብዙ ገበሬዎች የበቆሎ ማሳቸውን ለእንግዳ ይከፍታሉ። ማሳው ውስጥ ጠመዝማዛ መንገድ ይወጣለታል። ቤተሰብ በአንድ በኩል ይገባና መውጫውን ፈልጎ ያገኛል። ኮርን ሜዝ የሚባለው ይሄ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ሩቅ አይደለም፤ ፍሬድሪክ አካባቢ ብቻ እንኳ ይገኛል። ሆኖም ልጆች «እንሂድ» ሲሉ ብዙ ሐበሻ ወላጅ ያመነታል። የሚያመነታበት ምክንያት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው።

«የሃሎዊን ነገር ነው፤ ለእኛ ልጆች አይሆንም»

ይህን ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ። ስጋታቸው ይገባኛል። ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ስለሚውልና ማሳውም በዚያው ሰሞን ክፍት ስለሆነ ሁለቱ ይምታታሉ። በቀን የሚከፈተው ግን የመከር ሽርሽር ነው። ልጆች ዱባ ይመርጣሉ፣ ትራክተር በሚጎትተው ጋሪ ድርቆሽ ላይ ተቀምጠው ይዞራሉ፣ ፍየልና በግ ይመግባሉ። አንዳንድ እርሻዎች ማታ ማታ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች አስገብተው ያስፈራራሉ። ያ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰዓትና በሌላ ትኬት ነው። ትኬት ስትቆርጡ ሰዓቱን አይታችሁ የቀኑን ምረጡ። የሃሎዊን ማስጌጫው ጭምር ከከበዳችሁ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሂዱ፤ ያኔ ገና አይበዛም።

የጽጌን ጾም የምትጾሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ የሚሸጠው ዶናት ብዙውን ጊዜ እንቁላልና ወተት አለበት። ትኩሱ የፖም ጭማቂ ግን ይጠጣል፤ ለብርዱም ግሩም ነው።

«ከጥንት የመጣ የፈረንጅ ባህል ነው»

አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኮርን ሜዝ የተሠራው በ1993 ፔንስልቬኒያ፣ አንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ዶን ፍራንዝ የሚባል የቲያትር ፕሮዲውሰር ሲሆን ንድፉን የሠራው እንግሊዛዊው አድሪያን ፊሸር ነው። ማሳው ከላይ ሲታይ ዳይኖሰር ይመስል ነበር። በደርግ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወገኖቻችን ከኮርን ሜዝ ቀድመው ነው እዚህ የደረሱት።

«በእህል መጫወት ነው፤ ያደገ በቆሎ ይጨፈጨፋል»

ረሃብ ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ግን አሠራሩን ማወቅ ጥሩ ነው።

ገበሬው በቆሎውን ከወትሮው ዘግየት አድርጎ ይዘራል፤ ኦክቶበርም ድረስ ልምላሜው እንዲቆይ። ብዙዎቹ ያንኑ ማሳ ሁለት ጊዜ ይዘሩታል፤ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም። እንዲህ ሲሆን በመስመሮቹ መሃል አሾልኮ ማየት አይቻልም። መንገዱ የሚወጣው ቡቃያው ገና አጭር ሳለ ነው። ትራክተሩ በጂፒኤስ እየተመራ ንድፉን ይከተልና መንገድ የሚሆነውን ቦታ ብቻ ያርሰዋል። ለምን ያርሰዋል? የለጋ በቆሎ ማደጊያ ጫፍ ከአፈር በታች ስለሆነ ከላይ ብቻ ቢቆረጥ መልሶ ይበቅላል። የቀረው በቆሎ 2.5 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ጎብኚው ሲያልቅ፣ ፍሬው ሲደርቅ፣ በኮምባይነር ይታጨዳል። አብዛኛው ለከብት መኖ ይሄዳል።

ለገበሬው ደግሞ ትልቅ ድጎማ ነው። ከ1 ኤከር የሚገኘው በቆሎ ቢሸጥ ብዙውን ጊዜ 1,000 ዶላር አይሞላም። በመግቢያ ትኬት የሚገኘው ገንዘብ ትንንሽ እርሻዎች መሬታቸውን ለቤት ሠሪ ሳይሸጡ እንዲቆዩ ያግዛል። ልጆቼ እርሻ በሥዕል ብቻ አይተው እንዲያድጉ አልፈልግም፤ ስለዚህ ያን ገንዘብ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው።

«አንድ ሁለት እሸት ብንቀጥፍ ምን አለበት?»

አለበት። በቆሎው ግድግዳው ነው፤ ሁሉም አንድ አንድ ቢቀጥፍ ማሳው ይራቆታል። ደግሞም ተቀቅሎ የሚበላው ጣፋጩ ዓይነት አይደለም። በዚያ ሰሞን ፍሬው ጠንክሮ ለጥብስ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። አገዳውን ሰብሮ ማቋረጥም ክልክል ነው።

«ልጆች ይጠፋሉ»

ይህ ፍርሃት ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ2011 ማሳቹሴትስ፣ ዳንቨርስ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ጨቅላ ይዞ ማሳ ውስጥ መሽቶበት 911 ደውሏል። ፖሊስ ውሻ ይዞ ገብቶ ሲያገኛቸው ከመውጫው 25 ጫማ ያህል ብቻ ነበር የራቁት፤ 8 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ዲክሰን ያለው ማሳም በ2014 በ60 ኤከር የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል፤ ከዚያም ሆነው 911 የደወሉ አሉ።

አብዛኛው እርሻ ግን የዚህን ያህል ሰፊ አይደለም። ሀገር ቤት ሰብል ጠባቂ ማማ ላይ እንደሚቆመው፣ እዚህም ሠራተኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያይባቸው ብዙ እርሻዎች አሉ። ለሕፃናት ከድርቆሽ ክምር የተሠራ አጭር መንገድም ይኖራል። ከመዘጊያው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ። ልጆቹን ደማቅ ልብስ አልብሱ። ሲጠፉ ባሉበት ቆመው እንዲጣሩ ከመግባታችሁ በፊት ንገሯቸው።

«ስልኬ ያወጣኛል»

ንድፉ በየዓመቱ ስለሚቀየር የሳተላይት ፎቶው የዘንድሮውን መንገድ አያሳይም። መግቢያና መውጫው በማሳው ዳር ከሆነና ድልድይ ከሌለው ቀኝ እጅን ከአንድ ግድግዳ ሳያላቅቁ መሄድ ያወጣል፤ ግን ረጅም ነው፣ ጎብኚ ፈልጎ እንዲያገኛቸው መሃል ላይ የተደበቁ ምልክቶችንም ሳታዩ ልታልፉ ትችላላችሁ።

ከዝናብ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ደውሉ፤ ጭቃ ሲበዛ ይዘጋሉ። ክፍት ቢሆንም የሕፃን ጋሪ አይነዳም። ማዘል ይሻላል።