ዳግም የተቀባ ካሜራ ምንድን ነው? ጥራቱስ በምን ይታወቃል?

ዳግም የተቀባ ካሜራ የሚባለው የፋብሪካ ቀለሙ ወይም ክሮሙ ተገፍፎ በሌላ እጅ አዲስ ቅብ የተቀባ አሮጌ ካሜራ ነው። ፒያሳም ሆነ ቸርችል ጎዳና እንዲህ ያለ ካሜራ የገጠመው ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በማብረቅረቁ ላይ ነው። እኔ ለማብረቅረቅ ብዙ ቦታ አልሰጥም፤ ጋራዥ ውስጥ ያለ ማንኛውም ቀለም ቀቢ ያንን ያመጣዋል።

ከሁሉ በፊት ፊደሎቹን አያለሁ። በላይኛው ክዳን ላይ የተቀረጹት ስምና ተከታታይ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጡ ጠርዛቸው ስል ነው። ቅቡ ከወፈረ ጠርዙ ይደነዝዛል፣ ጎድጓዳውም ይሞላል። ከመቀባቱ በፊት ብረቱ ያለ ልክ ተፍቆ ከሆነ ደግሞ ቅርጹ ራሱ ሳስቶ ይቀራል፤ ይህ ጉዳት በምንም ቀለም አይመለስም። የክዳኑ ማዕዘኖችም አብረው ይዶለዱማሉ። ከዚያ ካሜራውን ወደ መስኮት ወስዶ በአግድም ብርሃን ማገላበጥ ነው። ገጹ የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ፣ አቧራ ከታየበት፣ ወይም በብሎኖቹ ስንጥቅ ውስጥ ቀለም ከተጋገረ፣ ቀቢው ቸኩሏል፤ ክፍሎቹንም ሳይፈታ ቀብቷል። የፍጥነት መምረጫው ሲዞር ከቀለሙ ጋር መፋተግ የለበትም።

ከቅቡ ሥር ያለውም ይናገራል። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው የጀርመን ካሜራ ላይካ ኤም3 የላይ ክዳኑ ናስ ነው፤ ብርማው ዓይነት በናሱ ላይ ክሮም ተለብጦበታል። ቀለም በክሮም ላይ አጥብቆ አይይዝም፤ ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ክሮሙን ይገፍፋል። ጥቁሩ ቅብ በተላጠበት ቦታ ብርማ ነገር ብቅ ካለ፣ ይህ ሥራ ተዘልሏል ማለት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ላይካ ኤም6 ግን ክዳኑ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ከሥሩ ቢጫ ናስ መፈለግ ከንቱ ነው።

ሆን ተብሎ የተሠራ እርጅናም አለ። እውነተኛው መላጥ ጣት በሚያርፍበት፣ ማንጠልጠያው በሚፈትገውና በጠርዞች ላይ ይበረታል። ማንም በማይነካው ሜዳ ላይ እኩል የተበተነ ቢጫ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። ከዚህ የሚብሰው ላይካን አስመስለው የተሠሩትን የሶቪየት ካሜራዎች፣ ፌድን ወይም ዞርኪን፣ ቀብቶና ስሙን ቀርጾ በላይካ ስም መሸጥ ነው። ሌንሱን ፈትታችሁ ውስጡን እዩ፤ ከሌንሱ ጋር የሚገናኘው የርቀት መለኪያው ክንድ በላይካ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ትንሽ ጎማ አለው፣ የሶቪየቶቹ ግን የማይዞር ጠፍጣፋ ነው።

ዳግም መቀባት በራሱ ነውር አይደለም፤ ዝገት የበላውን ካሜራ ያድናል። ችግሩ ከፋብሪካ ጥቁር ሆነው የወጡት ጥቂት ስለነበሩ ዋጋቸው መናሩ ነው። ሻጩ «ተቀብቷል» ካለ ድርድሩ በሥራው ጥራት ላይ ይሆናል። «የፋብሪካው ነው» ካለ ግን ተከታታይ ቁጥሩ ከፋብሪካ ጥቁር ሆኖ የወጣ ካሜራ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቁት፤ ካላቀረበ የተቀባ ካሜራ ዋጋ ብቻ ስጡት።