«የማያጫውተው ጌም የለም»፦ ስለ ጌሚንግ ላፕቶፕ የሚወራውና እውነታው

የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ላፕቶፕ እገዛልሃለሁ ብዬው ነበር። «ለትምህርት ነውኮ ጋሼ» አለኝ። ለጌም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ብሬ የተቆጠረች ናት። የኮምፒውተር እውቀቴም ከማብራትና ከማጥፋት ብዙም አያልፍም። እንዲህ ሆነን መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባን።

ሻጩ ስስ፣ ብርማ ላፕቶፕ አወጣ። «ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ። የማያጫውተው ጌም የለም» አለ። ከዚያ በኋላ በየሱቁ ስንዞር የሰማነው ሁሉ የዚህ ወንድምና እህት ነው። አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«8 ጊጋ ግራፊክስ አለው»

ሻጩ ዝም ብሎ አላወራም፤ አሳየን። አንድ መስኮት ከፈተና 8 ሺህ ሜጋ ገደማ የሚል ቁጥር ላይ ጣቱን አሳረፈ። የልጁ ዓይን በራ። እኔም ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ። ልጁ ግን «አንዴ ጓደኛዬን ልጠይቀው» ብሎ ደወለ። ጓደኛው በስልክ አንድ ነገር ብቻ አዘዘን፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ።

ታስክ ማናጀር የሚባለው ተከፈተ። ውስጡ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስንነካ በግራ በኩል የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩ ተደረደረ። የጌሙን ምስል የሚሠሩት ግራፊክስ ካርዶች «ጂፒዩ 0»፣ «ጂፒዩ 1» እየተባሉ ከታች ይመጣሉ። የኛ ላፕቶፕ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ኢንቴል። «ሼርድ ጂፒዩ ሜሞሪ» የሚለው ጎን 8 ጊጋ ይላል። «ዴዲኬትድ» የሚል ቃል ግን ጭራሽ የለም።

ሼርድ ማለት ከራሙ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ለጊዜው ከሚሠራበት ሜሞሪ ላይ፣ የሚበደረው ነው። ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ የራሙን ግማሽ ያህል ለግራፊክስ ይፈቅዳል፤ 16 ጊጋ ራም ካለው 8 የሚታየው ለዚህ ነው። የራሱ ጓዳ የሌለው ቤት ነው፤ ዘይቱንም ሽንኩርቱንም ከጎረቤት ይበደራል። ዴዲኬትድ የሚባለው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። ለጌም የምትፈልጉት እሱን ነው፤ ቢያንስ 4 ጊጋ፣ ከተገኘ 6። ሻጩ ዋሽቶ ይሁን እሱም ተሸውዶ ይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ አመስግነን ወጣን።

«አይ ሰቨን ከአይ ፋይቭ ይበልጣል»

ተለጣፊው ላይ ብቻ ከሆነ አዎ። ቅድም ያየነው ኮር አይ 7 ሙሉ ስሙ 7500ዩ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር ያለው ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራ ክፍል፣ ሁለት ብቻ ነው። ኮር አይ 5 8300ኤች ደግሞ አራት አለው። ኮር አይ 5 12450ኤች ስምንት። «ታናሹ» አይ ፋይቭ «ታላቁን» አይ ሰቨን በሩቁ ይጥለዋል ማለት ነው።

የሚታየው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ትውልዱን ይናገራሉ፤ 7500 ሰባተኛ ትውልድ፣ 12450 አሥራ ሁለተኛ። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ ባሕርይውን። «ዩ» ባትሪ ቆጣቢ ነው፣ ለቢሮ ሥራ። «ኤች» ጉልበት ያለው ነው። የኢንቴሉን ፊደል ካወቃችሁ የሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ የኤኤምዲው አያስቸግራችሁም፤ እዚያም ዩ እና ኤች አለ።

«ራም በጨመርክ ቁጥር ጌሙ ይፈጥናል»

ከ8 ወደ 16 ልዩነቱ ይታያል። ከ16 ወደ 32 ለጌም ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፤ ያንን ብር ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨምሩት። ፈጣኑ ዲስክ ኤስኤስዲም እንደዚያው፤ ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል እንጂ ምስሉን አያፈጥነውም። ቦታው ግን ይታሰብበት። የኳስ ጌሙ ኤፍሲ 24 ብቻውን 100 ጊጋ ይጠይቃል። ያንን በሞባይል ዳታ ለማውረድ ያሰበ ካለ እግዜር ይርዳው።

«ጌሚንግ ካልተባለ ጌም አያጫውትም»

እኔን ያዳነኝ የዚህ መፍረስ ነው። የኢንጂነሮችና የአርክቴክቶች ላፕቶፖች አሉ፤ ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዚቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ። የውጭ ድርጅቶች ለተወሰነ ዓመት ይሠሩባቸውና ይሸጧቸዋል፤ አገራችን ያገለገሉ ሆነው ይገባሉ። ቀይ መብራት የላቸውም፣ ጀርባቸው ላይ ዘንዶ አልተሳለም። ጎረምሳ ዞር ብሎም አያያቸውም። ውስጣቸው ግን ኳድሮ የሚባል የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ሊኖር ይችላል። ኳድሮ ቲ2000 የተሠራው በብዙ የጌሚንግ ላፕቶፖች ውስጥ ካለው ጂቲኤክስ 1650 ጋር በአንድ ዓይነት ቺፕ ነው።

ማስጠንቀቂያ አለው። ኳድሮ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ኤም1000 የሚባለው የ2015 ዕቃ ነው። አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ያለውም የሌለውም ሆኖ ይሸጣል። ስለዚህ አሁንም ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ እስኬፕ።

«ለሁሉም ጌም የሚሆን እፈልጋለሁ»

ይሄ የገዢ ስህተት ነው። መጀመሪያ ልጁን «ምንድን ነው የምትጫወተው?» በሉት። የኛው ጂቲኤ 5 እና ኳስ አለ። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው በ2015 ነው፤ አምራቹ የሚመክረው 2 ጊጋ ያለው ጂቲኤክስ 660 ነው። ኤፍሲ 24 ዝቅተኛ ብሎ የሚጠይቀው 4 ጊጋ ያለው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። ሁለቱንም 1650 ተሸክሞ ይሄዳል። ከዚያ እጅግ የሚበልጠውን አርቲኤክስ 4060 ለምን እገዛለሁ?

«ካርዱ አንድ ከሆነ ጉልበቱም አንድ ነው»

አይደለም። የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4060 እንደ ላፕቶፑ ከ35 እስከ 115 ዋት እየተሰጠው ይሠራል። ስሙ ያው፣ ፍጥነቱ የተለያየ። ይህን ያለ ሙያ የምታጣሩበት መንገድ ቻርጀሩን መገልበጥ ነው። ጀርባው ላይ «አውትፑት» ከሚለው ጎን ያለውን ቮልትና አምፔር አባዙ። 19.5 በ3.34 ወደ 65 ዋት ነው፤ ይህ የቢሮ ቻርጀር ነው። 19.5 በ7.7 ወደ 150 ነው፤ ይህ ጌም ይሸከማል። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ዋናው ቻርጀር ጠፍቶ ደካማ የተተካበት ያጋጥማል። ላፕቶፑ ይበራል፣ ጌም ሲከፈት ግን ይንገዳገዳል። ሰውም «ካርዱ ተበላሽቷል» ይላል።

ቻርጀሩን ከገለበጣችሁ አይቀር «ኢንፑት» የሚለውንም አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ፣ የአጎት ልጅ ከአሜሪካ ያመጣው ላፕቶፕ እኛ ጋር ይቃጠላል የሚባለው ወሬ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው የሶኬት አዳፕተር ነው።

«መብራት ቢጠፋም በባትሪ እጫወታለሁ»

ሶኬት ሲነቀል ላፕቶፑ ራሱ የካርዱን ጉልበት ይቀንሳል። ያም ሆኖ ጌም ላይ ባትሪው አንድ ሰዓት ከቆየ ጥሩ ነው። ባትሪው ያረጀ ከሆነማ አይነሳ።

«ከጋለ ተበላሽቷል»

ጌም ላይ 80 እና 85 ዲግሪ መድረስ ያለ ነገር ነው፤ ማራገቢያው ቢጮህም አትደንግጡ። የሚያሳስበው ሲግል መንተባተብ ወይም ድርግም ብሎ መጥፋት ነው። ይህ በሁለት ደቂቃ አይታወቅም። እኛ ጌሙን በሃርድ ዲስክ ይዘን ሄድንና ልጁ ሱቁ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ተጫወተበት። ባለሱቁ በሦስተኛው ደቂቃ «አለቀ?» አለን። አላለቀም አልነው። በኋላ እሱም ወንበር ስቦ ማየት ጀመረ።

የገዛነው ቲ2000 ያለው፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ክዳኑ ጥግ ላይ የተጫረ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ቻርጀሩ 20 ቮልት፣ 8.5 አምፔር፤ አባዙት። ክብደቱ የጡብ ነው። ልጁ ቻርጀሩን በእጁ መዘን አደረገና «ይሄን ተሸክሜ ነው ግቢ የምገባው?» አለኝ።

«ለትምህርት ነው አላልክም?» አልኩት።