ቱክሲዶ፣ ሻንጣና የመርከብ እራት፦ ስለ ፎርማል ናይት በተሳሳተ መንገድ የሚወሩ ነገሮች

የክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ ትኬት የቆረጠ ሰው ማዕበሉን ትቶ ስለ እራት ልብስ ሲጨነቅ ታገኙታላችሁ። «ፎርማል ናይት አለ አሉ» የምትል ወሬ ከሆነ ቦታ ትመጣለች። ከዚያ ባል ቱክሲዶ (የወንድ የምሽት ሱፍ) የሚያከራይ ሱቅ ያፈላልጋል። ሚስት ለእህቷ ሰርግ ያሰፋችውን ቀሚስ «አሁንም ይገባኝ ይሆን?» እያለች ታወጣለች። ልጆቹ «እኛ አንለብስም» ብለው ያኮርፋሉ።

ለማያውቀው፣ ፎርማል ናይት ማለት በመርከቡ ዋና ምግብ ቤት ሰው ዘንጦ እራት የሚበላበት ምሽት ነው። በሰባት ሌሊት ጉዞ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይመጣል። ስለሱ የሚወራው ግን ግማሹ ያረጀ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ድሮም እውነት አልነበረም። ሰዎች ነገሩን የጨዋነት ጉዳይ ያደርጉታል። እኔ ግን የመርከብ አለባበስ ከጨዋነት ይልቅ ሻንጣን ሲከተል የኖረ ይመስለኛል። ለምን እንደዚያ እንደምል እያየን እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ቱክሲዶ የሌለው እራት አይበላም»

ይበላል። በአለባበስ ጥብቅነቱ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የእንግሊዙ የመርከብ ድርጅት ኩናርድ እንኳ ቱክሲዶ ግድ ነው አይልም። የኩናርድ ትልቁ መርከብ ኩዊን ሜሪ 2 ከሳውዝሃምፕተን ኒው ዮርክ በሰባት ሌሊት ይሻገራል። በእነዚህ ሌሊቶች ውስጥ የጋላ ምሽቶች አሉት፤ ኩናርድ ፎርማል ናይትን የሚጠራው እንደዚያ ነው። በጋላ ምሽት ወንዱ ቱክሲዶ ከሌለው ጠቆር ያለ ሱፍ በክራባት ለብሶ ይገባል። እሱንም አልፈልግም ያለ እራቱን ቡፌው ጋ ወይም የመርከቡ መጠጥ ቤት ሄዶ ይበላል። የሚያባርረው የለም።

የአሜሪካኖቹ ደግሞ ከዚህም የላላ ነው። ካርኒቫል በሚባለው ድርጅት መርከቦች ላይ ዘንጡ በሚባልበት ምሽት ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ደህና ሱሪ ይበቃል። ኮትና ክራባት በውዴታ ነው።

ታዲያ በሩ ላይ ማን ይከለከላል? የምግብ ቤቱ በር ላይ የአስተናጋጆቹ አለቃ ፈገግ ብሎ ይቆማል። ዓይኑ የሚሄደው ከአንገት በላይ ሳይሆን ከጉልበት በታች ነው። ቁምጣና ነጠላ ጫማ ካየ በትህትና «ቀይረው ይመለሱ» ይላል። የክራባታችሁ ዓይነት እሱን ብዙ አያሳስበውም።

«ድሮ መርከብ ላይ ሁሉም ሰው በየማታው ይዘንጥ ነበር»

ይሄ ከፊልም የተረፈን ትዝታ ነው። መጀመሪያ «ሁሉም ሰው» የምትለዋን እንያት። ታይታኒክ በ1912 ሲሰምጥ ከተሳፋሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈሩ ነበሩ። የእነሱ የምግብ ዝርዝር ዛሬም ድረስ አለ። ዋናው ምግባቸው የሚቀርበው በቀትር ነው። አመሻሽ ላይ ሻይ ከዳቦና ከቀዝቃዛ ሥጋ ጋር ይመጣል። ማታ ደግሞ ብስኩት፣ አይብና አጥሚት። አጥሚት ለመጠጣት ማን ቱክሲዶ ይለብሳል? ያ ሁሉ ጌጣጌጥና ረጅም ቀሚስ ከላይ ባለው ፎቅ፣ ለጥቂት ሰው ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ «በየማታው» የምትለዋን። አትላንቲክን በሚሻገሩት መርከቦች ላይ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪም በመጀመሪያው ማታና በመጨረሻው ማታ አይዘንጥም ነበር። ደንቡ ራሱ እንደዚያ ነበር። ምክንያቱም ሻንጣ ነው። የዚያ ዘመን ሀብታም ቁም ሳጥን የሚያክል ሳጥን ይዞ ነበር የሚጓዘው። ሳጥኑ ቁሞ ይከፈታል፤ በአንድ በኩል ልብስ መስቀያ፣ በሌላ በኩል መሳቢያ አለው። በመንገድ የማያስፈልገው ሳጥን «በጉዞ ላይ አይፈለግም» የሚል ወረቀት ይለጠፍበትና ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዳል። ወደ ክፍል የሚገባውንም በመጀመሪያው ቀን ከፍቶ ልብሱን አውጥቶ ለመስቀል ጊዜ ይወስዳል። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ታሽጎ አልቋል። ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ደግሞ አይለበስም።

አሁን የዛሬውን ተመልከቱ። ወደቡ ላይ ሻንጣችሁን የክፍል ቁጥር ያለበት ወረቀት ታስሩበትና ለተሸካሚ ታስረክባላችሁ። እናንተ በትንሽ የእጅ ቦርሳ ትሳፈራላችሁ። ሻንጣው ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ አንዳንዴ እራት ተበልቶ ካለቀ በኋላ። በመጨረሻው ማታ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት አሽጋችሁ ኮሪደር ላይ ታስቀምጡታላችሁ። የነገ ሱሪውን አብሮ አሽጎ በፒጃማ የቀረ ሰው ታሪክ ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬም ፎርማል ናይት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ማታ አይደረግም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ሳጥኑ ባለጎማ ሻንጣ ሆኖም፣ ደንቡ ያው ነው።

ምሽቱ ብዙ ጊዜ የሚውለው መርከቡ ወደብ በማይነካበት ቀን ነው። ከሽርሽር ላብ በላብ ሆኖ የሚመለስ ሰው የለም። ፀጉር የሚሠራም፣ የሚተኛም ጊዜ አለው። ከእራት በፊት ፎቶ አንሺዎች ደረጃውና አዳራሹ ላይ መጋረጃ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ፎቶው ነፃ እንዳይመስላችሁ። መነሳቱ ነፃ ነው፣ መውሰዱ ግን ይከፈልበታል። ፎርማል ናይት እስከዛሬ እንዲቆይ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይሄ የፎቶ ገበያ ይመስለኛል።

«ሥርዓቱ የላላው የዛሬ ሰው ስድ ስለሆነ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ቱክሲዶን የጨዋነት መለኪያ አድርገው ነው የሚነሱት። ቱክሲዶ ራሱ ግን በዘመኑ ቀለል ያለ ልብስ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙሉ ክብር የምሽት ልብስ ከኋላው ጅራት ያለው ረጅም ኮት ነው። ጅራቱ ተቆርጦ አጭር ኮት ሲለበስ ለቤትና ለወዳጅ ብቻ ተብሎ ነበር። አሜሪካኖች ስሙን ያገኙት ኒው ዮርክ አጠገብ ካለው ቱክሲዶ ፓርክ፣ በ1880ዎቹ ነው። የያኔ ሽማግሌዎችም «ዘመኑ ተበላሸ» ብለው ሳይሆን አይቀርም።

የመርከቡ አለባበስ እንዴት እንደላላ ደረጃ በደረጃ ይታወቃል። በ1958 ጄት አውሮፕላን አትላንቲክን መሻገር ጀመረ። አምስትና ስድስት ቀን የሚፈጀው መንገድ የአንድ ሌሊት ሆነ። የሚቸኩለው ሰው መርከቡን ተወው። የቀሩት መርከቦች መጓጓዣነታቸውን ትተው ወደ መዝናኛነት ዞሩ።

በ1972 ቴድ አሪሰን ካርኒቫልን መሠረተ። የመጀመሪያዋ መርከብ ማርዲ ግራ አዲስ አልነበረችም፤ ለካናዳ ድርጅት ስታገለግል የቆየች ነበረች። በመጀመሪያ ጉዞዋ ከማያሚ ወጣ እንዳለች አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ድርጅቱ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ «የደስታ መርከብ» እያለ ራሱን ለተራው ሠራተኛ ሸጠ። ለአንድ ሳምንት ፈቃድ የወጣ ሰው ዘንጥ ቢሉት አንድ ወይም ሁለት ማታ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሆንለትም።

በ2000 ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ሌላ ነገር ነካ፣ የመቀመጫውን ልማድ። ከዚያ በፊት እራት የሚበላው በተመደበ ሰዓት፣ በተመደበ ጠረጴዛ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነበር። ኖርዌጂያን «በፈለጋችሁበት ሰዓት፣ ከፈለጋችሁት ጋር» አለ። ግዴታ የነበረውንም ፎርማል ናይት አብሮ ተወው። ነገሩ ሲታሰብ ልክ ነው። ሰው ሁሉ በየሰዓቱና በየምግብ ቤቱ ከተበተነ ለማን ይዘነጣል?

ከዚያ ሻንጣው ተመለሰ። በ2008 አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያዋ ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ወደ ማያሚ በርሮ መርከብ የሚሳፈር ቤተሰብ ለሁለት ማታ ብሎ ሱፍ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ታኮ ጫማና የቆዳ ጫማ ይዞ ለመሄድ ሲያሰላ ሂሳቡ አልጣመውም። የሳጥን ዘመን ሀብታም ሸክሙን ለተሸካሚ ይሰጥ ነበር። የዛሬው ተሳፋሪ በሻንጣ ቁጥር ይከፍላል። ስለዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ በመኪና ባልቲሞር ወደብ ሄዳችሁ ስትሳፈሩ ትልቅ ዕድል አላችሁ። የፈለጋችሁትን ያህል ዘንጣችሁ ሂዱ፣ ሚዛን የለም።

«መርከቡ በተወደደ ቁጥር አለባበሱ ይጠብቃል»

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። በ2015 በባሕር ላይ ጉዞ የጀመረው ቫይኪንግ ርካሽ አይደለም፤ ፎርማል ናይት ግን የለውም። ኦሺያኒያም እንዲሁ። ኮትም ክራባትም አያስገድድም፤ ይህንኑ እንደ መሸጫ ነው የሚያወራው። ዕድሜ ልኩን በክራባት ታንቆ የሠራ ጡረተኛ ያን ሁሉ ዶላር የሚከፍለው ክራባቱን ለመፍታት ነው። ዋጋው የሚቀመሰው ካርኒቫል ደግሞ የመዘነጫ ምሽቱን እንደያዘ ነው። ብዙ ሰው ለልደት፣ ለጋብቻ በዓል፣ ለምረቃ ስለሚሳፈር ፏ ብሎ መታየት ይፈልጋል። እኔም ብሆን የምመርጠው ይሄኛውን ነው።

«ፎርማል ናይት ጭራሽ ቀርቷል»

የተቀየረው ስሙ ነው። ሴሌብሪቲ በ2015 መጨረሻ ፎርማል የሚለውን ትቶ «ኢቭኒንግ ሺክ» አለው፤ ካርኒቫል «ክሩዝ ኤሌጋንት» ይላል። ቨርጂን ቮዬጅስ የአለባበስ ደንብ የለኝም ይላል፣ ግን «ስካርሌት ናይት» በሚለው ምሽት መርከቡ ሁሉ ቀይ ለብሶ ታገኙታላችሁ። ኩናርድ ደግሞ የጋላውን ምሽት ይዞ ጥቁርና ነጭ የሚለበስበት፣ ቀይና ወርቃማ የሚለበስበት፣ ጭንብል የሚደረግበት እያለ ያደምቀዋል። እዚያ ደንቡ ምግብ ቤቱ በር ላይ አያበቃም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ለቀላል አለባበስ ከተተዉት ጥቂት ቦታዎች በቀር በመርከቡ ሁሉ ይሠራል።

ዱባይ ያላችሁ የድሮውን የአትላንቲክ መርከቦች ዘመን ማየት ብትፈልጉ የኩናርድ የቀድሞ መርከብ ኪውኢ2 (ኩዊን ኤሊዛቤት 2) ራሺድ ወደብ ላይ ቆማለች። ከ2018 ጀምሮ ሆቴል ናት።

«ደንቡ ካልጠበቀ እንደፈለግኩ እለብሳለሁ»

የላላው ላይኛው ነው፤ ታችኛው ወለል አሁንም አለ። የመዋኛ ልብስ፣ እጅጌ የሌለው የወንድ ካናቴራ፣ የስፖርት ቁምጣ ዋናው ምግብ ቤት አይገቡም። ጅንስ በብዙዎቹ ላይ ይፈቀዳል፣ የተቀዳደደ እስካልሆነ ድረስ። አንድ ደግሞ ከእራት ጋር የማይገናኝ ነገር፦ ካሪቢያን የምትሄዱ ከሆነ ወታደራዊ ዥጉርጉር ልብስ አትያዙ። ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ሴንት ሉሲያና ትሪኒዳድ ላይ ሲቪል ሰው እሱን መልበስ በሕግ የተከለከለ ነው። የልጆች ቁምጣም ቢሆን።

«የሀገር ልብስ ፎርማል አይባልም»

ይባላል። ኩናርድ ለጋላ ምሽት ከሚቀበላቸው ውስጥ የክብር የሀገር ልብስን በስም ይጠቅሳል፤ ስኮትላንዳዊው ጉርድ ቀሚሱን፣ ወታደሩ የደንብ ልብሱን ለብሶ ይገባል። እናንተስ? ለወንድ እጀ ጠባቡ ከነሱሪው፣ ከላይ ካባ ቢደረብ ማንም ከናንተ ዓይኑን አያነሳም። ለሴት ጥልፍ ያለው ረጅም ቀሚስ በየትኛውም ድርጅት ደንብ ያልፋል፤ ረጅም ቀሚስ አይደል የሚሉት! ነጠላዋን ደግሞ አትተዉ። የመርከብ ምግብ ቤት ኤሲ አይጣል ነው፤ ትከሻቸው የተራቆተ ሴቶች ሲንቀጠቀጡ እናንተ ትሸፈናላችሁ። አዛማራ ላይ ከተሳፈራችሁ ደግሞ ሰው ሁሉ ነጭ የሚለብስበት ምሽት አለ። እዚያ ላይ ሀበሻ ምን ይጨነቃል?

«ሸሚዙን እዚያው እተኩሰዋለሁ»

ካውያችሁን ቤት ተዉት። እሳት ስለሚፈራ የራሳችሁን ካውያ ይዛችሁ ክፍል መግባት አይፈቀድም። ሻንጣው ሲፈተሽ ይወሰድና የምትወርዱ ቀን ይመለስላችኋል። ኩናርድ ላይ ራሳችሁ የምታጥቡበትና የምትተኩሱበት ክፍል አለ። ሮያል ካሪቢያን ላይ ግን የለም፤ ለላውንደሪው ከፍላችሁ ታስተኩሳላችሁ። የጥጥ ቀሚስ ደግሞ ሲጨማደድ ያስቀይማል። ጥልፉን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ሳታጥፉ ጠቅልሉት። ክፍል እንደገባችሁ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ስቀሉትና ሻወር ስትወስዱ በሩን ዝጉት። በእንፋሎቱ ብዙው ይፈታል። የቀረውን ነጠላው ይሸፍነዋል።